አራት ጣት ጨርቅ

«ለታናሽ እህትሽ ነው መቼም» አለ ልብስ ሰፊው፣ የሰጠችውን ወረቀት ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አድርጎ እያነበበ።

ፋርማሲስቷ ለመናገር አፏን ከፍታ ነበር። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው የደረት፣ የወገብና የዳሌ ልክ የራሷ እንደሆነ፣ ማለትም ዛሬ ባይሆን አንድ ቀን የራሷ እንደሚሆን፣ ልትነግረው ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ የተለማመደችው ንግግር ነበራት። ግን ሰፊው ከወረቀቱ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ወረቀቱን አየ። ከዚያ ደግሞ እሷን። በወረቀቱና በእሷ መካከል ያለውን ልዩነት በዓይኑ የለካው መሰላትና እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

«አዎ» አለች። «ለእህቴ ነው።»

«ራሷ መጥታ ብትለካ ይሻል ነበር፣ ዶክተር።»

«እዚህ የለችም። ስትመጣ ትለብሰዋለች።»

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«እንጃ። ቀኑን አልቆረጠችም።»

የስፌት ቤቱ ባለቤት ጥግ ላይ ቆመው ካውያ ይገፋሉ። ምላሳቸው ስለሚቆርጥ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ መቀስ ይላቸዋል። «እኛ ጋ የገባ ጨርቅ የትም አይሄድም» አሉ ቀና ሳይሉ። «ልጅቷ ስትመጣ ትምጣ። ዋናው እስክትመጣ እንዳትወፍር ንገሪያት።»

ፋርማሲስቷ ሳቀች። ሰፊው አልሳቀም። ያመጣችውን ሰማያዊ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በመዳፉ ቀስ ብሎ ዳበሰው። ደረጃውን ስትወርድ ያች ትንሽ ውሸት ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር አብራት ወረደች።

*

እህት እንኳ አለቻት። እዚያው ቤት፣ አጠገቧ ባለው አልጋ ላይ የምትተኛ፣ ያገኘችውን ሁሉ እየበላች እንደ ሸምበቆ የቀጠነች ታናሽ እህት። ልብሱ ግን ለእሷ አልነበረም።

ፋርማሲስቷ ያኔ ሰማንያ አራት ኪሎ ነበረች። ከራሷ ሌላ ይህን ቁጥር የምታውቀው የመድኃኒት ቤቱ ካሸር ብቻ ናት፤ ሚዛኑ የቆመው ከካሸሯ መስኮት ፊት ለፊት ነውና። ቀኑን ሙሉ ሰው እየመጣ ይመዘንበታል። «ጫማዎን ያውልቁ፣ ቀጥ ብለው ይቁሙ» እያለች የምትመዝነው ፋርማሲስቷ ናት። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ግን በሩ ሳይከፈት ራሷ ጫማዋን አውልቃ ትወጣበታለች።

«ትንፋሽሽን ስለያዝሽ አይቀንስም እኮ» ትላታለች ካሸሯ።

«ዝም በይ አንቺ።»

«ጉትቻሽንም አውልቂ። እሱም ብረት ነው።»

ግቧ ስልሳ አምስት ነበር። ለምን ስልሳ አራት ወይም ስልሳ ስምንት እንዳልሆነ ብትጠየቅ የምትመልሰው የላትም። ዩኒቨርሲቲ የገባች ዓመት የነበራት ኪሎ ነው፤ ያኔም ወፍራም ነኝ ብላ ታስብ እንደነበር ረስታዋለች። በቁምሳጥኗ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፋለች። ከላይ «ስልሳ አምስት የገባሁ ቀን» ይላል። ከሥሩ በተለያየ ቀለም፣ በተለያየ ቀን የተጻፈ ነው። ሰማያዊውን ልብስ መልበስ። ፎቶ መነሳት፣ ከሰው ኋላ ሳይሆን ፊት ቆሞ። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ሳይጠጋጋልኝ መቀመጥ። ወንበር ሳልመርጥ መቀመጥ። ዋና መማር። ባለ መስታወቱ ምግብ ቤት ውስጥ፣ መንገደኛው ሁሉ በሚያይበት በመስኮቱ በኩል፣ ምሳ መብላት።

ይህ የመጨረሻው ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ነው። እሷ ግን ሰው እያያት መብላት ካቆመች ዓመታት አልፈዋል። ቤት ውስጥ ድምቡሼ ይሏታል። እናቷ፣ በጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ገበታ ላይ ሳህኗን እያዩ «ድምቡሼ፣ ይበቃሽ ይሆን?» ይላሉ፤ በፍቅር ነው የሚሉት። በፍቅር የተባለ ነገር ደግሞ መልስ የለውም።

*

ልብሱ በሁለት ሳምንት ተሰፍቶ አለቀ። «እህቴ እስክትመጣ እዚህ ይቆይልኝ» አለችና ውስጡን በሚያሳይ ላስቲክ ተሸፍኖ ከስፌት መኪናው ጀርባ ተሰቀለ። ከዚያ በኋላ ወደዚያ ደረጃ የምትወጣበት ሰበብ አላጣችም። ስትቀንስ ቀሚሶቿ ይሰፏታል፤ ሲሰፏት ለማስጠበብ ትወስዳቸዋለች። ሰፊው ከኋላዋ ቆሞ ወገቧ ላይ ጨርቁን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ይይዝና እስፒል ይሰካል። እስፒሎቹን ከንፈሩ መሃል ስለሚይዛቸው አያወራም። ዝምታውን የወደደችው ለዚህ ይሆናል። ሌሎች ሰዎች ስትቀንስ ሲያዩ ያጨበጭባሉ፤ እሱ ይሰካል።

አንድ ቀን ግን እስፒሎቹን አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጣቸው።

«እሁድ ምሳ ብንበላስ? እዚያ መስታወት በመስታወት የሆነው ቤት።»

አዎ ልትለው ነበር። ወዲያው መስኮቱን፣ መንገደኛውን፣ ሹካ የያዘ እጇን አሰበች።

«እሁድ አይመቸኝም።»

«የሚቀጥለው እሁድስ?»

«ትንሽ ጊዜ ስጠኝ።»

«ትንሽ ጊዜ ስንት ነው?» አለ ፈገግ ብሎ። «እኛ ጋ ሁሉም ነገር ልክ አለው፣ ዶክተር።»

አስራ ሁለት ኪሎ፣ አለች በልቧ። በአፏ ግን «እነግርሃለሁ» ብቻ አለችው። እቤት ስትገባ ቁምሳጥኑን ከፍታ ከዝርዝሩ ግርጌ «ለእሱ መልስ መስጠት» ብላ ጻፈችና ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ሕይወቷ ሁሉ ስልሳ አምስት ላይ ቀጠሮ ይዞ የሚጠብቃት መሰላት፤ ደስ አላት።

እሱ ግን የቁምሳጥን በር ከፍቶ የማየት ዕድል አልነበረውም። ያየው ሌላ ነገር ነው። አንድ ቅዳሜ እናቷ የኮታቸውን ገበር ሊያስቀይሩ አብረዋት መጡ። ሰፊው እጁን በሸሚዙ ጠርጎ ለሰላምታ ሲዘረጋላቸው ኮቱን እጁ ላይ አኖሩለት። ፋርማሲስቷ አየች። አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ፣ «እማዬ፣ ሰላም በዪው እንጂ» ብትል ኖሮ! ወለሉ ላይ የወደቀ ክር ስታይ ቆየች። ደረጃውን ሲወርዱ እናቷ ክንዷን ያዙ።

«ይኼ ልጅ ለምንድን ነው እንደዚያ የሚያይሽ?»

«እንዴት?»

«ዩኒቨርሲቲ ያስተማርኩሽ ለሰው መርፌ ክር እንድታስገቢ አይደለም፣ ልጄ።»

«ምንም የለም እማዬ» አለች። እስካሁን የለም ማለቷ ነበር። ሰባ ሰባት ላይ ምን ሊኖር ይችላል?

*

ከአራት ወር በኋላ፣ እሷ ሰባ ሦስት ስትሆን፣ ሰፊው ሰማያዊውን ልብስ ከመስቀያው አወረደ።

«ውሰጂው» አላት። «እዚህ አቧራ እየጠጣ ነው።»

«እህቴ እኮ ገና…»

«አውቃለሁ፣ ገና ናት። እቤትሽ ይሁን። ዛሬውኑ ላስቲኩን አውጥተሽ በደንብ እይው። ኪስ ጨምሬለታለሁ።»

«ኪስ አላዘዝኩም።»

«አላዘዝሽም። እኔ ነኝ የጨመርኩት። ኪሱን እይው፣ እሺ?»

ባለሙያ በሥራው ሲኮራ መሰላት። ጋሼ መቀስ በስፌታቸው ሲመኩ ብዙ ጊዜ ሰምታለች። «እህቴ ታየዋለች» አለችው።

መስቀያውን እጇ ላይ አስያዛት። «እሺ» አለ ከዚያ። «እህትሽ ትየው።»

እቤት ወስዳ ላስቲኩን ሳትከፍት ከቁምሳጥኑ በር ላይ፣ ከመስኮቱ ትይዩ ሰቀለችው፤ ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ እንድታየው። ስልሳ አምስት ሳትገባ እንደማትነካው ለራሷ ምላለች። «ለማን ነው?» ብላ እህቷ ላስቲኩን ስትጎትት እጇን መታ አደረገቻት። «አትንኪ!»

«ኸረ! ልብስ ነው ወይስ ታቦት?»

ቀኖቹ አለፉ። የወሩ የመጨረሻ ቀን ሰፊው ወደ መድኃኒት ቤቱ መጣ። ከመስታወቱ ውጪ ገና ሲደርስ አየችው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ፀጉሩን ተቆርጧል። እሷ በዚያ ሳምንት አንድ ኪሎ ተኩል መልሳ ጨምራ ነበር፤ ጠዋት ሚዛኑ ላይ አይታ አልቅሳለች። ጋዋኗ ሆዷ ላይ ተወጥሯል። ምን እንደምታደርግ ሳታስብ ከመደርደሪያው ጀርባ ገባች።

«አንቺ አስተናግጂው» አለቻት ካሸሯን በሹክሹክታ። «የለችም በዪው።»

«አበድሽ? ሰውዬው እኮ…»

«እባክሽ!»

ካሸሯ ሄደች። ፋርማሲስቷ በሽሮፕ ጠርሙሶች መካከል ባለው ቀጭን ክፍተት አየችው። ፋሻ ጠየቀ። አንድ ጥቅል ፋሻ። ተቀበለና ወዲያው አልሄደም፤ ወደ መደርደሪያው ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ «አመሰግናለሁ» አለና ወጣ። በሩ ላይ የተንጠለጠለችው ቃጭል ስትጮኽ እሷ ውስጥ የሆነ ነገር አብሮ ጮኸ።

በሳምንቱ ቀሚስ ይዛ ስትሄድ የስፌት መኪናው ተሸፍኗል። «አጎቱ ዓይናቸው ደክሞ ሱቃቸውን አስረከቡት» አሏት ጋሼ መቀስ። «ሩቅ ነው። ሄደ።»

«ሳይሰናበተኝ?»

ሽማግሌው ካውያቸውን አቁመው ትክ ብለው አዩዋት። ሊቆርጡ የነበረውን ቃል መለሱት። «እንግዲህ» አሉ።

ተከፋች። ከዚያ ራሷን አጽናናች። ይሁን፤ ስልሳ አምስት ስገባ አድራሻውን ጠይቄ እሄዳለሁ፣ ሰማያዊውን ለብሼ ሱቁ በር ላይ እቆማለሁ፣ ያኔ ሁሉም ይገባዋል። ይህን ምስል ስምንት ወር ሙሉ ተመገበችው። ከምግብ ይልቅ እሱ ያጠግባት ነበር።

*

ሰኞ ጠዋት ሚዛኑ ስልሳ አራት ነጥብ ዘጠኝ አለ።

«ውረጂና ድገሚው» አለች ካሸሯ። ደገመችው። ስልሳ አራት ነጥብ ዘጠኝ። ካሸሯ ከመስኮቷ ጀርባ ዘልላ ወጥታ አቀፈቻት፤ ተሽከረከሩ። «አሁን ምን ልትበዪ ነው? ንገሪኝ፣ ምን ልትበዪ ነው?»

ፋርማሲስቷ ሳቀች፣ ግን አንድ ነገር ጎደላት። በር የሚከፈት፣ የሆነ ድምፅ የሚሰማ መስሏት ነበር። ሚዛኑ ላይ የቆመችው ያችው እሷ ነበረች፤ ያው እግር፣ ያው የእግር ጣት።

ለምሳ ሰዓት ወደ ቤት ሮጠች። እናቷም እህቷም አልነበሩም። ላስቲኩን ከፈተች። ጨርቁ እንደምታስታውሰው ደማቅ አልነበረም፤ ከመስኮቱ ትይዩ ስምንት ወር ፀሐይ ሲመታው ኖሮ ወደ ግራጫ ሄዷል። ለበሰችው። ዚፑ ሳይዝ፣ ሳይለምን፣ እስከ ላይ ወጣ። መስታወት ፊት ቆመች። እንደ ሱቅ አሻንጉሊት እጆቿን የምታደርግበት አጥታ ወደ ጎን ስትሰድዳቸው ቀኝ እጇ ኪሱን አገኘችው።

ኪሱ ውስጥ አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ነበር።

«ዶክተር፣

አፌ ላይ የማይመጣልኝን በእጄ ልሞክር። የመድኃኒት ቤታችሁን ጋዋኖች የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ልክሽ ከዚያ ጀምሮ ደብተሬ ውስጥ አለ። የእህትሽን ወረቀት ያመጣሽ ቀን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አየሁ። ትከሻው አንድ ነው። የእጅጌው ርዝመት አንድ ነው። ከአንገት እስከ ወገብ ያለውም አንድ ነው። ሰው ሲከሳም ሲወፍርም አጥንቱ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ወይ እህትሽ አጥንትሽን ተውሳ ነው የተወለደችው፣ ወይ ልብሱ ያንቺ ነው። ያን ጊዜ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ፊትሽን አይቼ ተውኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ልብሱን በሰጠሽኝ ልክ ሰፍቼዋለሁ። ግን በሁለቱም ጎን አራት አራት ጣት ጨርቅ ወደ ውስጥ ትቻለሁ። ይህን ያነበብሽ ቀን ይዘሽው ነይ፤ ተርትሬ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለዛሬው ልክሽ አደርገዋለሁ። ለዛሬዋ አንቺ የሚበቃ ጨርቅ አለ ማለቴ ነው።

የምትጠብቂው መክሳትሽን ከሆነ፣ እኔ የምጠብቀው ነገር የለኝም። የምትጠብቂው ሌላ ከሆነ፣ ሰፊ መሆኔ ከብዶሽ ከሆነ፣ ምንም አትበዪ፤ ዝም ካልሽ ይገባኛል፣ አልቀየምም። አጎቴ ሱቄን ተረከበኝ ብሎኛል። እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ እዚህ ነኝ። አትሂድ ካልሽኝ እቀራለሁ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሦስተኛውን መጨረስ አቃታት። የወሩ መጨረሻ። ንጹሕ ሸሚዝ። ፋሻ። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ስትቀመጥ ልብሱ ወገቧ ላይ አሰራት፤ ትንፋሿ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ።

*

«ቅዳሜ ይመጣል» አሏት ጋሼ መቀስ፣ በዚያው ቀን ከሥራ ወጥታ እየሮጠች ደረጃውን ስትወጣ። «የስፌት መኪናውን ሊወስድ።»

«ስልኩን ይስጡኝ፣ ጋሼ።»

«አልሰጥሽም።»

«ለምን?»

«ያለሽን ፊት ለፊት ተናገሪው። እሱም ያለውን ፊት ለፊት ይንገርሽ።» ከዚያ ድምፃቸው ለዘበ። «ተቀመጪ እስኪ። ውሃ ልስጥሽ።»

ደግነታቸው አስፈራት። ጋሼ መቀስ ደግ የሚሆኑት ጨርቅ ሲበላሽ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ሰማያዊውን ለብሳ፣ ከላይ ሹራብ ደርባ ሄደች። በሩ ክፍት ነበር። ሰፊው ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የስፌት መኪናውን እግር ይፈታል። ጋሼ መቀስ ሲያዩዋት ክር ልገዛ ብለው ወጡ፤ መደርደሪያው እስከ ጣራው ክር ነበር።

ሰፊው ተነሳ። መጀመሪያ ያየው ፊቷን አልነበረም፣ ልብሱን ነው። ተራምዶ መጣና በልማድ የጎኑን ስፌት በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ ሳብ አደረገው።

«ሳይተረተር ልክ ሆነ» አለ።

«አዎ።»

ያኔ ያደረገውን አወቀና እጁን እንደተቃጠለ ሰው መለሰ።

«ደብዳቤውን መቼ አነበብሽው?»

«ሰኞ።»

«የትኛው ሰኞ?»

«የዚህ ሳምንት ሰኞ።»

ወደ ኋላ ሄዶ ጠረጴዛውን ተደገፈ። ለረጅም ጊዜ ጠመኔ በጣቶቹ መሃል ሲያሽከረክር ቆየ። «ስምንት ወር» አለ። «ስምንት ወር ኪስ ውስጥ?»

«ላስቲኩን አልከፈትኩትም ነበር። ስልሳ አምስት ኪሎ ሳልገባ ላልነካው ምዬ…» ስትናገረው ለመጀመሪያ ጊዜ በሌላ ሰው ጆሮ ሰማችው፤ አንገቷን ደፋች።

«እኔ መድኃኒት ቤት መጥቼ ነበር።»

«አውቃለሁ። ተደብቄ ነበር።»

«አይቼሻለሁ። ከመደርደሪያው ጎን እጅጌሽ ወጥቶ ነበር። በእጄ የሰፋሁት እጅጌ ይጠፋኛል?» ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «መልሷ ይኼ ነው አልኩ። ሰፊ ሲመጣ ትደበቃለች። እናትሽም…»

«ከአንተ አይደለም!» አለች፤ ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። «ካንተ ሙያ አይደለም የተደበቅኩት። ከሆዴ ነው። በዚያ ሳምንት ጨምሬ ነበር። እንደዚያ ሆኜ እንድታየኝ አልፈለግኩም።»

«እኔ እኮ ሁልጊዜ እንደዚያ ሆነሽ ነው ያየሁሽ።» ቀስ ብሎ ነበር የተናገረው። «እንደዚያ ሆነሽ ነው የወደድኩሽ። መቼ ክሺ አልኩሽ?»

«አላልክም።»

«ታዲያ ክሺ ያለሽ ማን ነው?»

ብዙ ሰው አሰበች። እናቷን፣ ገበታውን፣ አውቶቡሱን። «እኔው» አለች።

ከታች መንገዱ ላይ የጭነት መኪና ጥሩንባ ነፋ፤ የስፌት መኪናውን ሊጭን የሚመጣው ሳይሆን ሌላ ነበር። ያኔ የግራ እጁን አየች። ቀለበቱ ቀጭን ነው፤ ጠመኔ ነክቶት ነጥቷል። እሱም ስታየው አያት።

«በሁለት ሳምንት ነው» አለ። «አስተማሪ ናት። ደህና ሰው ናት።»

«ደህና ሰው መሆኗ ጥሩ ነው።»

«እንደዚህ አትበዪኝ! ጩሂብኝ፣ ስደቢኝ።» ሁለት እርምጃ ቀረበ። «አሁን ምን ላድርግ? ንገሪኝ። አንድ ነገር ካልሽ…»

«አትሂድ» ማለት ትችል ነበር። ቃሉ ደብዳቤው ውስጥ ተጽፎ ነበር፣ ራሱ ነበር የሰጣት፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ከዚያ አንዲት የማታውቃት አስተማሪ ታየቻት፤ ሩቅ ከተማ ውስጥ፣ ይኼው ሰው ከኋላዋ ቆሞ እስፒል ከንፈሩ መሃል ይዞ ወገቧን ሲለካት።

«ሴትዮዋ እየጠበቀችህ ነው» አለች። «ሰው ማስጠበቅ ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። አንተ አትወቀው።»

የሚያለቅስ መስሎ ነበር፣ ግን ፊቱን ወደ መኪናው መለሰና የቀረውን ብሎን መፍታት ጀመረ። ሦስት ጊዜ ሳተው።

«ጨርቁ ደብዝዟል» አለ ጀርባውን እንደሰጣት።

«ፀሐይ መታው። ከመስኮቱ ትይዩ ነበር የሰቀልኩት።»

«እሱን መናገር ነበረብኝ» አለ። «ሰማያዊ ፀሐይ አይችልም።»

ደረጃውን ስትወርድ አላለቀሰችም። እታች ደርሳ ግን አቅጣጫው ጠፋት፤ በየቀኑ የምትሄድበት መንገድ ላይ ቆማ ቀኝና ግራውን አጣች።

*

በሚቀጥለው ሳምንት ልብሱን በእጇ ይዛ ወደ ጋሼ መቀስ ተመለሰች። የስፌት መኪናው የነበረበት ቦታ ወለሉ ላይ አራት የእግር ምልክት ትቷል።

«ጎኑን ይተርትሩልኝ፣ ጋሼ። ውስጥ አራት አራት ጣት ጨርቅ አለ።»

አገላብጠው አዩት። «ልክሽ ነው እኮ። ለምን ይሰፋል?»

«ልበላበት ነው።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ተመለከቷት፤ ሊሉት የነበረውን ሁሉ ትተው ምላጭ አነሱ። ክሩን አንድ በአንድ በጠሱ። ውስጥ የነበረው ጨርቅ ሲገለጥ ፀሐይ ያላየው ሰማያዊ ሆኖ ወጣ፤ ያ መጀመሪያ ቀን ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ሰማያዊ። በሁለቱም ጎን ከብብት እስከ ጫፍ እንደ መስመር ወረደ።

«ሁለት ቀለም ሆነ እኮ» አሉ ጋሼ መቀስ። «ይታያል። ሁለመናውን ቀለም ላስነክርልሽ?»

«አይ፣ ይታይ።»

በሁለተኛው ሳምንት እሁድ እሱ አገባ። እሷ በዚያ ቀን ሰማያዊውን ልብስ ለብሳ ባለ መስታወቱ ምግብ ቤት ገባች፣ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች፣ ምሳዋን አዝዛ ሳህኑን ጨረሰች።